ሰርቪስ ከመዝጋታችሁ በፊት መዝግቡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ላይ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ለማፍጠን ይዘጉ የተባሉ የዊንዶውስ ሰርቪሶች ዝርዝር ወጥቶ አነበብኩ። ዝርዝሩን ቆርጠው የያዙ ደንበኞችም ስላጋጠሙኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ የትናንሽ ቢሮዎችን፣ የሒሳብ ባለሙያዎችንና የኮፒ ቤቶችን ኮምፒውተር መጠገን ነው። ከሚያጋጥሙኝ ችግሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም። አንድ ሰው ላፍጥነው ብሎ ነካክቶት ስለሄደ ነው።

ከዝርዝሩ ጋር ብዙ ጠብ የለኝም። ውስጡ ካሉት አንዳንዶቹ ቢዘጉ ማንም አይጎዳም። ጠቤ ከአካሄዱ ጋር ነው። ይህን ዝጉ፣ ያንን ዝጉ ተብሎ ሲጻፍ ከመዝጋታችሁ በፊት ምን ላይ እንደነበረ ያዙ የሚል አንድ መስመር እንኳ የለም። ነገ ችግር ቢፈጠር በምን እንደሚመለስም አልተነገረም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሰርቪስ ማለት መስኮት ሳይከፍት፣ እኛ ሳናየው ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ገና ማንም ፓስወርድ ሳያስገባ ይነሳሉ። ፕሪንተሩን የሚያስተናግደው፣ ዋይፋዩን የሚያገናኘው፣ ሰዓቱን የሚያስተካክለው፣ ቫይረስ የሚጠብቀው፣ ማሻሻያ የሚያወርደው ሁሉም ሰርቪስ ነው። ዊንዶውስ 10 ያለበት ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ከ200 በላይ ተመዝግበው ታገኛላችሁ። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ ብዙዎቹ የሚፈልጋቸው እስኪመጣ ተኝተው ነው የሚውሉት። ሁሉንም የሚያዝዝ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ሰርቪስ ኮንትሮል ማናጀር ይባላል። በማውስም ጫኑት፣ በስክሪፕትም (ትዕዛዞች ተጽፈውበት በተራ በሚፈጸም ፋይል) እዘዙት፣ ትዕዛዙ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰኔ 30 ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ዓይነት እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ከአንድ የሒሳብ ቢሮ ተደወለልኝ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም አልከፍት ብሏል። ትናንት ሲሠራ ነበር፣ ዛሬ የለም። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ አይቶት «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ነበር የሄደው። እዚህ አገር ለሁሉም በሽታ የሚታዘዘው መድኃኒት ይሄው ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ የዓመቱ መዝገብ ያለበትን ማሽን ፎርማት አላስደርግም ብላ በሩን ዘግታ ጠበቀችኝ። ደግ አደረገች።

ፒችትሪ መረጃውን የሚያነብበውና የሚጽፈው ፐርቫሲቭ በሚባል የዳታቤዝ ሰርቪስ በኩል ነው። ያ ሰርቪስ ካልተነሳ ፕሮግራሙ የካምፓኒውን ፋይል ማግኘት አይችልም። ሰርቪሱን ለማስነሳት ስሞክር ስሕተት ቁጥር 1058 መለሰልኝ። ይህ ቁጥር ሰርቪሱ ዲሴብል ተደርጓል ማለት ነው። ተበላሽቶ አይደለም፣ ጠፍቶም አይደለም፣ እንዳይነሳ ተከልክሎ ነው። ቢሮው ውስጥ ያለ ወጣት ማሽኑ ስለዘገየበት ከኢንተርኔት ያገኘውን የማፍጠኛ ስክሪፕት አውርዶ በአድሚን መብት አስነስቶት ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሁሉም ሰው የሚመክረውን ነው ያደረገው። ስክሪፕቱ ግን በርካታ ሰርቪሶችን በአንድ ትንፋሽ ዘግቶ፣ የዘጋውንም የትም ሳይጽፍ ወጥቷል።

ዳታቤዙን ወደ አውቶማቲክ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ራሱ ወደሚነሳበት፣ መልሶ ማስነሳት የደቂቃ ሥራ ነው። ሌሎቹስ? የትኞቹ ቀድሞም ተዘግተው የነበሩ ናቸው፣ የትኞቹ ናቸው አሁን የተዘጉት? ማንም አያስታውስም። ያዳነን ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። የአንድ ሰርቪስ አነሳስ በሰርቪስ ኮንትሮል ማናጀር በኩል ሲቀየር ሲስተም ሎግ ውስጥ ቁጥር 7040 የሆነ ማስታወሻ ይጻፋል። የሰርቪሱን ስም፣ ከምን ወደ ምን እንደተቀየረና ሰዓቱን ይዟል። ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስጫ አጭር ስክሪፕት ጽፌ የዚያን ቀን 7040ዎች በሙሉ አወጣሁ። ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት የተጻፉ ሆነው ተሰልፈው መጡ። ከአውቶማቲክ ወደ ዲሴብል፣ ከማንዋል (ሲፈለግ ብቻ ከሚነሳው) ወደ ዲሴብል እያለ ይቀጥላል። ከእያንዳንዱ መስመር «ከምን» የሚለውን ወስጄ ወደነበረበት መለስኩት። ፒችትሪም ተከፈተ፣ ስካነሩም አብሮ ተነሳ። ስካነሩ መሥራት ማቆሙን ያን ጊዜ ገና አላወቁም ነበር።

ማሽኑ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ያ መዝገብ አብሮ ይጠፋ ነበር። ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። ሲስተም ሎግ ልኩ የተወሰነ ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ነው አዲሱን የሚጽፈው። ዊንዶውስ ማስተካከያዎቹን የሚያስቀምጥበትን ሬጅስትሪ በቀጥታ የሚቀይሩ የማፍጠኛ ፕሮግራሞችም አሉ፤ እነሱ በማናጀሩ በኩል ስለማያልፉ 7040 አይጻፍላቸውም። ሎጉን ስታነቡ ቢትስ የሚባለው የማውረጃ ሰርቪስ ራሱ አነሳሱን ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል፣ ከማንዋል ወደ አውቶማቲክ ሲገለባብጥ ታያላችሁ። ያ ጤነኛ ነው፣ አትንኩት።

እንግዲህ ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። ሰርቪስ መንካት ካለባችሁ በስክሪፕት ንኩት፤ ስክሪፕቱም መጀመሪያ የሚያነብና የሚመዘግብ ይሁን። በማውስ መስኮት ከፍቶ አንድ በአንድ መዝጋት ቀላል ይመስላል፣ ግን ከዚያ ሲሞላ ከሚጠፋው ሲስተም ሎግ በቀር ምንም ማስረጃ አይተውላችሁም። ማታ ደክሞኝ የቱን ነው የነካሁት ብላችሁ የምትጠይቁት ሰው አይኖርም። እንዲህ የተጻፈ ስክሪፕት ግን ያደረገውን ጽፎ ያስቀምጣል፣ በሌላውም ማሽን ላይ ያንኑ ይደግማል፣ ሲያስፈልግም ወደኋላ ይመለሳል።

ፓወርሼል ለዚህ አዲስ ነገር መጫን አያስፈልገውም። ዊንዶውስ 10ም 11ም ላይ 5.1 የሚባለው እትም አብሮ ይመጣል። ጌት-ሰርቪስ የሚለው ትዕዛዝ ሁሉንም ይዘረዝራል። ስሙን፣ እየሠራ መሆኑንና አነሳሱን አውጥታችሁ ሲኤስቪ ፋይል ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ኤክሴል ይከፍተዋል። የፋይሉ ስም ላይ የማሽኑን ስምና ቀኑን ጨምሩበት። ይሄው ነው መዝገቡ። ከዚያ በኋላ ሰርቪሱን የሚያቆመው ስቶፕ-ሰርቪስና አነሳሱን የሚቀይረው ሴት-ሰርቪስ ይመጣሉ። ሁለቱም ዋት-ኢፍ የሚል ምርጫ አላቸው። እሱን ስትጨምሩበት ትዕዛዙ ምንም ሳይነካ፣ ቢፈጸም ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ብቻ ያሳያችኋል። ይህን ምርጫ የማያውቅ ሰው የሰው ማሽን ላይ ሰርቪስ ባይዘጋ እመርጣለሁ። መጀመሪያ በዋት-ኢፍ ይሂድ፣ ውጤቱን አንብቡ፣ ከዚያ አንሱትና አሂዱት።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጠቁም። በ5.1 እትም ላይ ጌት-ሰርቪስ አውቶማቲክንና ዘግየት ብሎ የሚነሳውን አውቶማቲክ ለይቶ አያሳይም፤ ሁለቱንም አውቶማቲክ ነው የሚላቸው። ስለዚህ መዝገባችሁ ሙሉ የሚመስለው እውነት ሙሉ ላይሆን ይችላል። ኤስሲ የሚባለው የቆየ ትዕዛዝ ግን መለየቱን ያሳያል፤ የእሱንም ውጤት አብራችሁ አስቀምጡ።

ሌላው ስም ነው። እያንዳንዱ ሰርቪስ ሁለት ስም አለው። አንዱ ለእኛ ለማንበብ የሚታየው ረዥሙ፣ ሌላው አጭሩ የውስጥ ስሙ። ረዥሙ ዊንዶውሱ በተጫነበት ቋንቋ ሊለወጥ ይችላል። አጭሩ አይለወጥም፤ የፕሪንተሩ ሰርቪስ የትም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ስፑለር ነው። ስክሪፕታችሁ ሁልጊዜ አጭሩን ስም ይጠቀም። ከዱባይም ከዋሽንግተንም የመጣ፣ ዓረብኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የተጫነበት ላፕቶፕ ስንቱን ጊዜ ነው ጥገና ቤት የሚገባው፤ በረዥሙ ስም የተጻፈ ስክሪፕት እዚያ ላይ ሰርቪሱ የለም ብሎ ያልፋል።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ የምትወዱ ልጆች ደግሞ ሁለት ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ አላችሁ። ፒኤስዩቲል የሰርቪሶቹን ስም፣ የፕሮግራሙን ፋይል ቦታ፣ በማን አካውንት እንደሚሠራ፣ አነሳሱንና ሁኔታውን አንድ ላይ ይሰጣችኋል። ማስነሳትና ማቆም ግን አይሰጥም፤ ለማንበብ ብቻ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ጀማሪ ልጅ እንደፈለገ ቢያሄደው ምንም አይሰብርም። አካውንቱን ተመልከቱልኝ። ሎካል ሲስተም በሚባለው አካውንት የሚሠራ ሰርቪስ ማሽኑ ላይ የማይችለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስሙን የማታውቁት፣ ፋይሉ ለጊዜያዊ ፋይሎች በተመደበው ቴምፕ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ሰርቪስ በዚህ አካውንት ሲሠራ ካገኛችሁ ስለ ፍጥነት ማሰብ አቁሙና ስለ ቫይረስ አስቡ።

ማስነሳትና ማቆሙን ፓይዊን32 ላይ ያለው ዊን32ሰርቪስዩቲል ይሠራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አቁም ብላችሁ ስታዙ ትዕዛዙ ተቀባይነት አገኘ እንጂ ሰርቪሱ ቆመ ማለት አይደለም። ሁኔታውን ስትጠይቁ ቁጥር ይመልስላችኋል፤ 4 እየሠራ ነው፣ 3 ለማቆም በመንገድ ላይ ነው፣ 1 ቆሟል። ስክሪፕቱ 3 ላይ እያለ ወደሚቀጥለው መስመር ካለፈ ፋይል ሊሰርዝ ሲል ፋይሉ ተይዟል ይባላል፣ መልሶ ሊያስነሳ ሲል እምቢ ይባላል። ከዚያ ልጁ ሰርቪሱ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ላይብረሪው መጠበቂያ አለው፤ ይህ ሁኔታ እስኪደርስ ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቅ ማለት ትችላላችሁ። ተጠቀሙበት። ሰከንዱ ካለቀ ደግሞ ስክሪፕቱ እንዳልተሳካ ጽፎ ይቁም፤ ዝም ብሎ አይለፍ።

የኮፒ ቤቶቹን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ያለ ኮፒ ቤት ጠዋት ሰው ተሰልፎ ባለበት ፕሪንተሩ ወረፋ ላይ አንድ ሥራ ይንጠለጠላል። ይሰረዝ ሲሉት «እየተሰረዘ ነው» እንዳለ ይቀራል። ባለቤቱ ፕሪንተሩን ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፣ ያበራል፤ እሱም ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰዉም ይጠብቃል። ችግሩ ያለው ስፑለር ሰርቪስ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ፎልደር፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ የሚለው ቦታ ላይ ለእያንዳንዱ የተላከ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፋይል ይቀመጣል፤ አንዱ የሚታተመው ራሱ፣ ሌላው ስለ ሥራው የሚናገር መረጃ። ሰርቪሱ እየሠራ እያለ እነዚህን መሰረዝ አይቻልም። ስክሪፕቱ ስፑለርን ያቆማል፣ መቆሙን ያረጋግጣል፣ የተንጠለጠለውን ያጠፋል፣ መልሶ ያስነሳል። ዴስክቶፕ ላይ አንድ ምልክት ይሆንላቸዋል፤ በአድሚን መብት ሲጫኑት በሰከንዶች ያልቃል። ይህን ያስቀመጥኩላቸው ሴትዮ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ ደውለውልኝ አያውቁም። ገቢዬ ቀነሰ እንጂ ደስ ብሎኛል።

በፓወርሼል ስታቆሙ ደግሞ በላዩ የሚደገፉ ሌሎች ሰርቪሶች ካሉ መጀመሪያ እምቢ ይላችኋል። ፎርስ የሚለውን ስትጨምሩ እነሱንም አብሮ ያቆማል። ልብ በሉ፤ በኋላ ዋናውን ብቻ ስታስነሱ አብረው የቆሙት በራሳቸው አይነሱም። ስለዚህ ከማቆማችሁ በፊት የትኞቹ ጥገኛ እንደሆኑና ከእነሱ የትኞቹ እየሠሩ እንደነበር ስክሪፕቱ ይያዝ፤ ሲመልስም እነሱን ጭምር ይመልስ።

ወደ ዝርዝራችሁ ልመለስ። የዊንዶውስ ማሻሻያ ሰርቪስ ይዘጋ የሚለውን ስታወጡ ምክንያታችሁ ገብቶኛል። ሰው በስልኩ ሆትስፖት ነው የሚሠራው፣ የገዛውን ፓኬጅ ማሻሻያው ይበላበታል። እውነት ነው፣ ሕመሙን እኔም አውቀዋለሁ። መፍትሔው ግን ይሄ አይደለም። የስልክ ሆትስፖት ለኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ነው የሚታየው፤ ገንዘብ እየተቆጠረበት መሆኑን አያውቅም። የዋይፋዩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ይህ ኔትወርክ የሚለካ ነው የሚለውን፣ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚባለውን ስታበሩለት አብዛኛውን ማሻሻያ ማውረድ ያቆማል። ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ስትደርሱ ደግሞ ያወርዳል። አንድም ሰርቪስ አልተዘጋም።

ሰርቪሱን ራሱን ብትዘጉት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጸናላችሁም። ዊንዶውስ 10ና 11 የማሻሻያውን ክፍሎች የሚጠግን ሌላ ሰርቪስ አላቸው፤ ተዘግቶ ሲያገኘው መልሶ ይከፍተዋል። ሰዉ ይህን ሲያይ የጠጋኙንም መብት ሬጅስትሪ ውስጥ ገብቶ መንቀል ይጀምራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው።

ዝርዝራችሁ ላይ ያለው ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንም አለቦታው ነው የገባው። ቢሮ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ካሉ፣ አንዱ ያወረደውን ማሻሻያ ሌሎቹ ከእሱ እንዲወስዱ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱን ስትዘጉ እያንዳንዱ ማሽን ያንኑ ፋይል ከኢንተርኔት ለየብቻው ያወርዳል። ፓኬጅ ለመቆጠብ ተብሎ ፓኬጅ የሚያስጨርስ ምክር ማለት ነው። በይነመረብ ላይ ላሉ ለማይታወቁ ኮምፒውተሮች እንዳያካፍል ከፈለጋችሁ ማስተካከያው ውስጥ በቢሮው ኔትወርክ ብቻ እንዲወሰን ማድረግ ይቻላል።

ማሻሻያ መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ዓለም አይቶታል። ዋናክራይ የተባለው የፋይል ቆላፊ ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነስቶ በአጭር ጊዜ ብዙ አገር ሲያዳርስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰው ነበር። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን መጋቢት 5 ቀን፣ ወደ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። በመደበኛ ድጋፍ ላይ ከነበሩት ዊንዶውሶች መካከል የተመቱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። አሁን ደግሞ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙዎቻችን ከእሱ አልወጣንም። ቢያንስ እስከዚያ ድረስ የወጣውን ማሻሻያ ሁሉ ሳያገኝ የቀረ ማሽን በፍላሽ የሰው ፋይል እየተቀበለ ሲውል ማየት ያሳዝነኛል።

መዝጋት ትክክል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ፕሪንትናይትሜር የተባለው የስፑለር ቀዳዳ ሲሰማ ማሻሻያው እስኪደርስ ድረስ ፕሪንተር የማያስፈልገው ማሽን ላይ ስፑለርን ዝጉ የሚል ምክር ከራሱ ከማይክሮሶፍት ወጥቶ ነበር። ያ ምክር ሰርቪሱን በስም ይጠራል፣ ለምን እንደሚዘጋ ይናገራል፣ ስትዘጉት ማተም እንደምታጡ ይነግራችኋል። እንዲህ ያለ ምክር ብታትሙ እኔ ራሴ ቆርጬ እለጥፈዋለሁ።

ስለ ፍጥነቱ ከተነሳ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። እጄ ላይ ከሚመጡት ቀርፋፋ ማሽኖች አብዛኞቹ 4 ጊጋ ሚሞሪና የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያላቸው ናቸው። እነዚህ ላይ ሰርቪስ ዘግታችሁ የምታገኙት ትንሽ ነው። ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ሲቀየር ግን ባለቤቱ ሌላ ማሽን የገዛ ይመስለዋል። ደጋግማችሁ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ቀድሞ ሚሞሪ ላይ የሚያዘጋጀውን፣ ሲስሜን የሚባለውን ሰርቪስ ዝጉ የሚለው ምክርም ከዚሁ ይመጣል፤ ሃርድ ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ሲያዩት ጥፋቱን እሱ ላይ ይጥላሉ። ለሙከራ ማቆም ይቻላል። በስክሪፕት አቁሙት፣ አንድ ቀን ሥሩበት፣ ለውጥ ከሌለ መልሱት። ታስክ ማናጀር ላይ ሰርቪሶችን በውስጡ የሚያሠራው ኤስቪሲሆስት የሚለው ስም ብዙ ቦታ መታየቱም ቫይረስ አይደለም፤ ከ2017 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ሚሞሪው ከ3.5 ጊጋ በላይ በሆነ ማሽን ላይ አንድ ላይ ይኖሩ የነበሩ ሰርቪሶችን ብዙዎቹን ለየብቻ አድርጓቸዋል። የዚህ ጥቅሙ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ አለመውደቁ ነው፤ ለእኛም የትኛው ሚሞሪ እንደሚበላ ለይቶ ማየት ቀለለ።

መብራት መቋረጥን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ማሽን እኩል ይነሳል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሁሉንም በአንዴ ማስተናገድ ያቅተዋል። አንድ ሰርቪስ በ30 ሰከንድ ውስጥ ተነስቻለሁ ብሎ ለማናጀሩ ካላሳወቀ ስሕተት 1053 ይመጣና ማናጀሩ ይተወዋል። ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ዳታቤዙ አልተነሳም። አድሱት፣ ሪስታርት አድርጉት ይባላል፣ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። እንዲህ ላለው ዘግየት ያለ አውቶማቲክ የተባለው አነሳስ ነው የሚበጀው፤ ሌሎቹ ከተነሱ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይነሳል። የሰርቪሱ ማስተካከያ ውስጥ ሪከቨሪ የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ሰርቪሱ በሥራ ላይ እያለ በድንገት ቢወድቅ ከ1 ደቂቃ በኋላ እንደገና አስነሳው ማለት ይቻላል። እኔ ለሒሳብ ቢሮዎች ሁለቱንም በስክሪፕት አስገብቼ ነው የምወጣው። የማፍጠኛ ዝርዝሮች ስለዚህ አንድም ቃል የላቸውም፤ ሰዉ ግን ከፍጥነት ይልቅ የሚቸገረው በዚህ ነው።

የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ቅር አይበላችሁ፤ እዚያ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ላይም መርሁ አንድ ነው፤ ለአሁኑ ማቆምና ከሚቀጥለው መነሳት መከልከል ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ናቸው፣ አታምታቷቸው።

የሰው ስክሪፕት ስለ መጠቀምም ልበል። ዊንዶውስ በተራ ኮምፒውተሮች ላይ የፓወርሼል ስክሪፕት ፋይል በነባሪ እንዳይሄድ ከልክሎ ነው የሚመጣው። የማፍጠኛ ስክሪፕቶች መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ይህን ክልከላ አንሱ፣ በአድሚን ክፈቱ በማለት ነው። በአድሚን የከፈታችሁት ስክሪፕት የመከላከያ ሰርቪሱንም ሊነካ፣ አዲስ ሰርቪስም ሊተክል ይችላል። ነጻ ነው፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም። ከላይ እስከታች አንብቡት። ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብ ሰው ጋ ውሰዱት። ለማንበብ የሚያስቸግር ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ አትንኩት።

ከእኔ ጋር የሚሠሩ ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ወጣቶች አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ሚሞሪ መቀየር፣ ኬብል መዘርጋት፣ ዊንዶውስ መጫን ይችላሉ። አንድ ሰርቪስ ለምን እንዳልተነሳ የስሕተቱን ቁጥር አንብበው መከተል ላይ ግን መጀመሪያ ይቸገራሉ። 5 ካለ የአድሚን መብት የላችሁም ማለት ነው፣ 1060 ካለ በዚያ ስም ሰርቪስ የለም፣ 1056 ካለ ቀድሞም እየሠራ ነው። ቁጥሩ ራሱ መንገዱን ያሳያቸዋል። ይህን ከለመዱ በኋላ ፎርማት የሚለው ቃል ከአፋቸው ይጠፋል። አሰልጣኞች ይህን ካነበባችሁ ለሰልጣኞቻችሁ ስፑለርን በስክሪፕት አስቁማችሁ አስነሱ፣ ሎጉን አስነብቡ፤ ኢንተርኔትም ሆነ ውድ ዕቃ አይጠይቅም።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው እትም በዚያው አምድ ላይ ማሻሻያውንና ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንን ከዝርዝሩ አውጡልን። ዝርዝሩን አይተው የዘጉ አንባቢዎች ደግሞ ሲስተም ሎጋቸው ሳይጠፋ ቁጥር 7040ን እንዲፈልጉ ንገሯቸው፤ በዘገዩ ቁጥር አዲሱ ማስታወሻ አሮጌውን እያጠፋው ነው። የምጠቀምበትን ስክሪፕት ያለምንም ክፍያ እልክላችኋለሁ። ሦስት ክፍል አለው፤ መመዝገቢያ፣ መቀየሪያና መመለሻ። ቦታ ጠቦ ከሦስቱ አንዱ መቅረት ካለበት መቀየሪያው ይቅር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ